በሰው ጋራዥ ውስጥ የሳብኳት ትንፋሽ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ኮሎምበስ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እስካሁን የጋራዥ በር ሲንቋቋ በሰማሁ ቁጥር እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ላይ እንነሳ እንነሳ ይላሉ። ሰው ካለ ፀጉሬን እንደሚያክ ሰው እሆናለሁ። ለሥራ ጓደኞቼ ነግሬያቸው ስቀዋል። የሚያስቅ ነገርም አለው፣ አልክድም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው መሳቅ አልቻልኩም፤ ለዛ ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። በአባቴ ዲቪ መጣሁ፣ እዚህ ሃይስኩል ገባሁ፣ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተጨቃጨቅኩና ሳልጨርስ ወጣሁ። አሁን ዌርሃውስ ነው የምሠራው። ሱፐርቫይዘሬ አንድ ሲናገረኝ እኔ አሥር እመልስለታለሁ። ቤተሰቦቼ ሥራ ፍለጋ ሌላ ስቴት ሲሄዱ እኔ እዚሁ ቀርቼ ጋሼ ታደለ የሚባሉ ሰውዬ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጋሼ ጋሃና በሚባለው ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አካባቢ፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የሚነዱት። ሁልጊዜ "ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ያስገድልሃል" ይሉኛል።

ምላሴ አይደለም ሊያስገድለኝ የነበረው። ሁለት ፊደል ነው።

አሁን ደግሞ እኔን የማይመስል ነገር ልንገራችሁ። እኔ የድሮ ፎቶ እሰበስባለሁ። የቤተሰብ ፎቶ እንዳይመስላችሁ። የዚህ አገር ጥቁሮች ለመብታቸው ሰልፍ በሚወጡበት ዘመን፣ ጊታርና ባንጆ ይዘው ሰልፉ መሀል የሚዘፍኑ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቁርም ነጭም። ዘፈኑን ፎክ ይሉታል፣ የባላገር ዘፈን በሉት። የእነሱን ፎቶ ነው የምፈልገው፤ ያውም ዘፋኙ ራሱ በእጁ የፈረመበትን።

እንዴት ጀመርክ ካላችሁኝ በስህተት ነው። ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አለ። ለራሴ ፎቶ ፍሬም ልገዛ ገባሁ። ቤት መጥቼ የኋላውን ካርቶን ስነቅለው ከውስጡ ሌላ ፎቶ ዱብ አለ። አንዲት ቀጭን ሴት ደረጃ ላይ ቆማ ጊታር ትመታለች። ከኋላዋ ሄልሜት ያደረጉ ፖሊሶች ዱላ ይዘው ተደርድረዋል። አንዱ ፖሊስ የሚያየው እሷን አይደለም፣ የራሱን ጫማ ነው። ከታች በሰማያዊ ቀለም ፊርማዋ አለ።

ያንን ፎቶ ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። "ይቺ ልጅ አትፈራም እንዴ?" አልኩ። እኔ ሰው ሲያናድደኝ እጮሃለሁ፣ በር ወርውሬ እዘጋለሁ። እሷ ዱላ ጀርባዋ ላይ ቆሞ ትዘፍናለች። አቦ ቀናሁባት! የራሴን ፎቶ ተውኩትና እሷን ሰቀልኩ።

ጋሼ ገብተው አዩ።

"ማናት?"

"አላውቃትም።"

"የማታውቃትን ሴት ነው ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው?"

"ዘፋኝ ናት ጋሼ። ፖሊስ ፊት ነው የምትዘፍነው።"

"አሃ፣ አዝማሪ ናታ!" አሉ። ከዛ በኋላ ስማቸው "አዝማሪዎችህ" ሆነ። አዲስ ፎቶ በፖስታ ሲመጣ "አዝማሪ መጥቶልሃል" ብለው በሬን ይመታሉ።

ከአንዷ ሁለተኛ መጣች፣ ከዛ ሦስተኛ። እያደር ነገሩን ተማርኩ። ፊርማው በእጅ የተጻፈ ይሁን አብሮ የታተመ ለመለየት ፎቶውን ወደ ብርሃን ጋደም ታደርገዋለህ፤ እውነተኛ ቀለም ከሆነ ለብቻው ያብለጨልጫል። ፊቱን በጣት አይነኩም፣ የጣት ወዝ ይበላዋል። ስለዚህ ነጭ የጥጥ ጓንት ገዛሁ። ጋሼ ጓንቱን ባዩ ጊዜ "ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው?" አሉኝ። ይቺን ጓንት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እና ያን ሰሞን ኢንተርኔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ፒከሪንግተን የምትኖር አንዲት አሮጊት የሟች ባሏን ፎቶዎች ትሸጣለች። ባልየው በወጣትነቱ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሰልፈኞቹ ጋር ሲዞር የነበረ ሰው ነው። ካነሳቸው ውስጥ አንዱ ላይ፣ አንድ ልጅ ባንጆ ይዞ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ የሚታይበት ላይ፣ ዘፋኙ ራሱ ፈርሞበታል። ቴክስት አደረግኳት፣ በዋጋ ተስማማን፣ ቅዳሜ ና አለችኝ። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና መነሳት ይከብዳታል። ሜሴጇ እንዲህ ነው የሚለው፦ ጋራዡ ክፍት ይሆናል፣ ግባ፤ ሳጥኑ በስተግራ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ተረጋግተህ እይና ስትጨርስ የውስጡን በር አንኳኳ።

ያን ቀን መኪናዬ መካኒክ ጋ ነበረች። ጋሼ እረፍት ስለነበሩ ለመንኳቸው።

"ለአንድ አዝማሪ ፒከሪንግተን ድረስ?"

"ቤንዚን እኔ እሞላለሁ።"

"ቤንዚኑን ተወው። ያንን ጓንት አድርገህ አጠገቤ እንዳትቀመጥ ብቻ፣ ሰው ሬሳ ነው የሚጭነው ይለኛል።"

መኪና ውስጥ አድሬሱን ጂፒኤስ ላይ ጻፍኩ። ስልኩ ሁለት ቦታ አመጣ። ሁለቱም ስማቸው አንድ ነው፣ ዊሎው ምናምን የሚል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ድራይቭ ይላል፣ ሁለተኛው ኮርት። የሴትየዋን ሜሴጅ ባየው ድራይቭም የለ፣ ኮርትም የለ። ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ፊደል ብቻ ነው ያለው፣ ሲ እና ቲ።

"ጋሼ፣ ሲቲ ነው የሚለው።"

"ሲቲማ ከተማ ነው። ፒከሪንግተን ሲቲ ማለቷ ነዋ።"

"እና የቱን ልጫን? ድራይቭ ነው ኮርት?"

"ኮርት ፍርድ ቤት አይደል?"

"ነው።"

"በል ድራይቩን ተጫን። እኛ ፍርድ ቤት ምን አለን? እኔ እንደሆን የትራፊክ ቲኬቴን ከፍያለሁ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ድራይቩን ተጫንኩ። እንግዲህ መዘዝ ያመጣችብን እሷ ሳቅ ናት።

ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ልክ የታጨደ፣ መንገድ ላይ ሰው የሚባል የለም። ቁጥሩን አገኘነው። ጋራዡ ክፍት ነው። "ይኸው፣ እንዳለችው" አልኩ። ጋሼ መኪናውን ዳር አስጠግተው አቆሙ። ስልክ መጣላቸው፣ ወንድማቸው ነው፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። እኔ ወረድኩ። እየሄድኩ ጓንቴን አደረግኩ።

እስቲ አስቡት። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሀበሻ ጎረምሳ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሶ፣ ነጭ ጓንት እያጠለቀ፣ ሰው ጋራዥ ውስጥ ይገባል። አሁን ሳስበው የራሴን ጀርባ ከሩቅ አየዋለሁ። ያኔ ግን የማስበው የባንጆውን ልጅ ብቻ ነበር።

ገባሁ። "ሄሎ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ፤ የታመመች አሮጊት አላስደነግጥ ብዬ ነው። መልስ የለም። የሣር ማጨጃ አለ፣ የሕፃን ብስክሌት አለ፣ በስተግራ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የካርቶን ሳጥን። ደስ አለኝ! ከፈትኩት። የገና መብራት ነው፣ የተጠላለፈ። ከሥሩ ሌላ ሳጥን አለ። የላይኛውን አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ጎንበስ አልኩ።

ከኋላዬ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ያንን ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፣ በፊልም ካልሆነ። ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ጆሮዬ አይደለም ያወቀው፣ ማጅራቴ ነው።

"እንዳትነቃነቅ። እጅህን አሳየኝ።"

እጄን አነሳሁ። "ቀስ ብለህ ዙር" አለኝ። ዞርኩ።

የውስጡ በር ላይ አንድ ትልቅ ሰውዬ ቆሟል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፣ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነው። ሶፋ ላይ ተኝቶ እንደነበር ያስታውቃል፣ አንዱ ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር አለ። ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ ደረቴ ላይ አነጣጥሯል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። የማይንቀጠቀጥ እጅ ቢሆን፣ የሚያደርገውን ያውቃል ትላለህ። ይሄኛው ሳያስበውም ሊያመልጠው ይችላል።

"ጓንቱ ምንድነው? ለምንድነው ጓንት ያደረግከው?"

የራሴን እጆች አየሁ። ከራሴ በላይ ሁለት ነጭ እጅ ቆሟል፣ የትራፊክ ፖሊስ መስያለሁ። መልስ ፈለግኩ። እኔ፣ ሱፐርቫይዘሬን የማስለቅሰው ሰውዬ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አጣሁ። ፎቶ፣ ፎቶ እላለሁ በሆዴ። የአሮጊቷ ባል ፎቶ። በመጨረሻ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ዩር ሃዝባንድ ፒክቸር!"

የባልሽ ፎቶ። ለሰውዬው!

"የማን ባል?" አለ። ፊቱ ደም መሰለ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ወረደ። "ምን ባል ነው የምታወራው? ከአንተ ጋር ሌላ ሰው አለ?"

እና አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። እኛ ሀበሾች "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር የለችም? እናትህ ስልክ ላይ "በላህ?" ስትልህ የምትመልስላት። ሳታስበው ነው የምትወጣው። ዌርሃውስ ውስጥ አንዴ ሱፐርቫይዘሬ "ያንን ፓሌት ጨረስከው?" ሲለኝ ሳብ አድርጌ "ምነው፣ አመመህ?" ብሎኝ ተጣልተናል። እና ሰውዬው "ሌላ ሰው አለ?" ሲለኝ ጋሼ ውጪ መኪና ውስጥ አሉ አይደል፣ እውነቱን መለስኩ። ቃል ስለሌለኝ ትንፋሼ መለሰችልኝ።

ሳብ አደረግኩ።

ግን በደህናው ቀን እንደሚደረገው አይደለም። ከፍርሃቴ ብዛት ጉሮሮዬ ጠብቦ እንደ በር ማጠፊያ "ሲጥ" አለ።

ሰውዬው ዓይኑ ፈጠጠ። "ምንድነው እሱ? መተንፈስ አቃተህ?"

ሳብ አደረግኩ። በዛ ሰዓት "አንተ ግመል ነህ?" ቢለኝም አዎ ነበር የምለው።

"አስም አለብህ?"

ደግሜ ሳብ። ሲጥ።

"ኦ ጌታዬ" አለና ፊቱን ሳያዞር ወደ ውስጥ ጮኸ፤ ሚስቱን ነው። "የልጁን ኢንሄለር አምጪ! ቶሎ በይ! እዚህ አንድ ልጅ ትንፋሽ አጥሮታል!"

ከውስጥ የሴት ድምፅ "የቱ ልጅ?" አለ።

"ሊሰርቀን የገባው!"

እግዜር ያሳያችሁ። ሴትየዋ እየሮጠች መጣች፣ ሽጉጡን አየች፣ እኔን አየች፣ ጓንቱን አየች። "ፖሊስ ልጥራ?" አለች። "ቆይ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ" አላት። ሽጉጡ ግን አሁንም ደረቴ ላይ ነው። እሷ በባሏ ክንድ ሥር ጎንበስ ብላ አልፋ መጣችና ኢንሄለሩን፣ ያንን የአስም መድኃኒት መንፊያ፣ አፌ ውስጥ ከተተችው። የልጅ ልጃቸው መሆን አለበት፣ የዳይኖሰር ስቲከር ተለጥፎበታል። "ሳበው፣ የኔ ማር። በደንብ ሳበው" ትለኛለች።

ሳብኩ። ምን ላድርግ? አስም የለብኝም ልበል? ለማን? በየት ቋንቋ? መድኃኒቱ መራራ ነው፣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። "አንዴ ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። አንዷ መድኃኒት ትሰጠኛለች፣ አንዱ ሽጉጥ ደግኖብኛል፣ ሁለቱም ባልና ሚስት ናቸው። ዳይኖሰሩ ከአፍንጫዬ ሥር ሆኖ ይስቃል። "እንግዲህ የማየው የመጨረሻው ፊት ይሄ ነው" ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው። እናቴ ትዝ አላለችኝም፣ ጸሎትም አልመጣልኝም። አረንጓዴ ዳይኖሰር።

ሽጉጡ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ከደረቴ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ጉልበቴ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ "እሺ፣ ጉልበቴን ይውሰደው" ብዬ በሆዴ ተስማማሁ።

ሴትየዋ "አሁን ተናገር። ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ።

"ፎን" አልኩ፣ በአገጬ ወደ ጃኬቴ ኪስ እያሳየሁ። እጄን ከማወርድ ብሞት ይሻለኛል። እሷ ራሷ አወጣችው። ስልኬ ፊቴን አይቶ ነው የሚከፈተው፤ ወደ ፊቴ አስጠጋችው። አልከፈትም አለ። ደግማ አስጠጋችው። አላወቀኝም። የገዛ ስልኬ እኮ ነው! በኋላ ቁጥሩን እየተንተባተብኩ ነገርኳት፣ ከፈተችው፣ የአሮጊቷን ሜሴጅ አነበበች። ባሏ በትከሻዋ በኩል አነበበ።

"ኮርት" አለች።

"ምን?"

"ይሄ ሲ እና ቲ፣ ኮርት ማለት ነው። ሲያሳጥሩት ነው። ይሄ ደግሞ ድራይቭ ነው። አንተ የምትፈልጋት ጉልበቷን የታመመችውን ነው፣ እዚህ ዞር ብሎ ያለችውን። የእሷ ኮርት ነው፣ የእኛ ድራይቭ።"

እጄን አሁንም አላወረድኩም። ሰውዬው ሽጉጡን ከኋላ ሱሪው ውስጥ ሻጠው። ግንባሩን ጠረገ፣ መነጽሩ ወደቀበት፣ አነሳው። ከዛ ምን አለኝ መሰላችሁ?

"ልትሞት ትችል ነበር እኮ። ለወደፊቱ ተጠንቀቅ።"

ዝናብ ሊመጣ ነው ጃንጥላ ያዝ እንደሚል ሰው! ሽጉጡን ሌላ ሰው ይዞት እንደነበረ፣ እሱ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ እንደመከረኝ። እና እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ምን ብዬ መለስኩ?

"ቴንኪው።"

ከሁሉ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሷ ቃል ናት። እስካሁን ሻወር ውስጥ ሆኜ ሌላ ሌላ መልስ እመልስለታለሁ።

የገናውን መብራት ወደ ጠረጴዛው ልመልስ ጎንበስ አልኩ። ሴትየዋ "ተወው፣ ተወው የኔ ማር" አለችኝ። ወጣሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ያንን አጭር መንገድ ስሄድ አከርካሪዬ ላይ አንድ ነጥብ ቦታ በረዶ ሆኖ ነበር።

ጋሼ አሁንም ስልክ ላይ ናቸው፣ ምንም አላዩም። መኪና ውስጥ ገባሁ።

"አዝማሪውን አገኘኸው?"

"ይንዱ።"

"ምነው ፊትህ? ልጄ?"

"ጋሼ ይንዱ ስልዎት!"

ጥግ ዞረን ቆምንና ነገርኳቸው። ስልኩን ወንድማቸው ጆሮ ላይ ዘጉት። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙ።

"ሲቲ ከተማ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ" አሉ። "ለእናትህ ምን ብዬ ነበር የምነግራት? ሲ እና ቲ ልበላት?"

"እሺ በቃ፣ አልሞትኩም።"

"ቤት እንግባ።"

ልቤ እየደለቀ ነው። ኋላ ስጠይቅ ያ መድኃኒት ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል አሉኝ፤ የትኛው ከፍርሃቱ የትኛው ከመድኃኒቱ እንደሆነ አላውቅም። ቤት መግባት ፈልጌ ነበር። ግን ደግሞ ንዴቴ መጣ። ያቺ የማውቃት ንዴቴ። ይሄን ሁሉ ሆኜ ባዶ እጄን ነው የምገባው?

"ኮርቱ ጋ እንሂድ" አልኩ።

ጋሼ አዩኝ። ከዛ ሞተሩን አስነሱ። "ብቻህን አትወርድም" አሉ።

እዛኛውም ቤት ጋራዡ ክፍት ነበር፣ እንዳለችው። አልገባንም። ከመኪናው ሆኜ ቴክስት አደረግኳት፣ መጥተናል ብዬ። ከዛ የፊት ለፊቱን በር ደውለን እስከ ሣሩ መሀል ድረስ ወደ ኋላ ተመለስንና ቆምን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። እኔ ባዶ እጄን ዘርግቼ። ሁለት ሐዘንተኛ እንመስል ነበር።

አሮጊቷ በክራንች እየተራመደች ወጣች። "ለምን በጋራዡ አልገባችሁም?" አለች። ጋሼ በእንግሊዝኛቸው "ደጅ ይሻለናል፣ አየር እንፈልጋለን" አሏት። እኔ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

በግድ አስገባችን። ፎቶውን ራሷ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጓንቴን ከኪሴ ማውጣት አልቻልኩም፤ ጠላሁት። በባዶ እጄ ጠርዙን ይዤ አነሳሁት፣ ወረቀቱ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ልጁ የጭነት መኪና ላይ ቆሟል። ባንጆውን አቅፏል። በስተቀኝ የፖሊስ ተርታ አለ። ልጁ አፉን ከፍቷል። ፊርማው ከታች፣ በጥቁር ቀለም፣ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ መስኮቱ ጋደም ሳደርገው ያብለጨልጫል።

"በርዶሃል?" አለችኝ፣ እጄን እያየች።

አልነገርኳትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤቷ ነው፣ ምናልባት ሣሯን የሚያጭድላት እሱ ሊሆን ይችላል። በምትኩ "እነዚህ ሰዎች አይፈሩም ነበር?" አልኳት።

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም። "ማን ነው የማይፈራው? ባሌ ካሜራውን አንገቱ ላይ የሚያስረው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳይወድቅበት ነው። ይሄን ፎቶ ደግሞ አይወደውም ነበር፣ ተበላሸብኝ ነው የሚለው።"

"ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ካሜራውን ቀድሞ ተጫነው። ልጁ ገና አልጀመረም እኮ። አፉን የከፈተው ሊዘፍን አይደለም፣ አየር እየሳበ ነው። ዘፈኑን የጀመረበት ሌላ ፎቶ ነበር፣ እሱን ጋዜጣ ወሰደው። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሌ ይሄንን ሲያሳየው ልጁ አይቶ፣ ያኔ ሽማግሌ ሆኗል፣ 'ያኛው ሥራዬ ነው፣ ይሄኛው ግን እኔ ነኝ' ብሎ ፈረመበት።"

ጋሼ "ምን አለች?" አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። የተስማማነውን ከፈልኳትና ወጣን።

አሁን ፎቶው ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል። ሌሎቹንም ሁሉ እንደገና አየኋቸው። ፍሬም ውስጥ ያገኘኋት ቀጭን ሴት፣ ደረጃው ላይ የቆመችው፣ የማትፈራ መስላኝ የቀናሁባት፤ አሁን ሳያት የግራ እጇ የጊታሩን አንገት አንቆ ነው የያዘው። ጫማውን የሚያየው ፖሊስም ምናልባት እንደዛ ሰውዬ እጁ እየተንቀጠቀጠበት ይሆናል። ዱላ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት መቆም ምን እንደሆነ ድሮ አላውቅም ነበር። ትንሽ አውቄአለሁ፣ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ንዴቴም አልጠፋም፣ አልዋሽም። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን የልጅ ልጁን መድኃኒት አይሰጠኝም ነበር። ግን ማታ ማታ አንድ ነገር ይመላለስብኛል። የራራልኝ እኮ የታመምኩ መስዬው ነው። "አዎ፣ ሰው አለ" ብዬ በደንብ ተናግሬ ቢሆንስ? እንግሊዝኛዬ ባይጠፋብኝስ? ጤነኛ መስዬው ቢሆንስ? መልሱን አላውቅም። ሥራ ላይ ግን አሁንም ሳብ አደርጋለሁ። ሱፐርቫይዘሬ "አመመህ?" ሲለኝ አልጣላውም። ይጠይቅ።

በቀደም ጋሼ ክፍሌ ገብተው አዲሱን ፎቶ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ቆዩ። የዛን ቀን ያላስተረጎምኩላቸውን አሁን ጠየቁኝ።

"ይሄኛው አዝማሪህ አፉን ከፍቶ ምን እያለ ነው?"

"ገና ምንም አላለም ጋሼ። ፈርቶ አየር እየሳበ ነው።"

"እና ከዛ ዘፈነ?"

"ዘፈነ።"

ጋሼ ልጁን አዩት፣ ፖሊሶቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ አይጠፋቸውም። አሁን ግን ቀስ አድርገው እሳቸውም ሳብ አደረጉ።